ክረምትና ስንቅ፦ የመቅደላ ዘመቻ በጠረጴዛ ላይ



ባለፈው ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ማኅበራችን ለአባላት ልጆች ያዘጋጀውን የማጠናከሪያ ትምህርት አብዛኞቻችሁ ታስታውሳላችሁ። እኔ የሂሳብ ሠራተኛ እንደመሆኔ የተሰጠኝ የሂሳብ ክፍለ ጊዜ ነበር። ዛሬ ስለ ታሪክ የምጽፈው በዚያ ክፍል ውስጥ በሠራሁት አንድ ስህተት ምክንያት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በውጭ አገር የሚኖር የአክስቴ ልጅ ካቻምና ለመስከረም 21 ንግሥ ወደ ግሸን ሲመጣ አንድ ካርቶን ይዞ መጣ። ውስጡ ቁመታቸው ከአውራ ጣት የማይበልጥ፣ ካፖርት የለበሱ፣ ጠመንጃ የያዙ የወታደር ምስሎች፣ የሉዶ ዓይነት ዳይሶች፣ ነጭ ጨርቅና በእንግሊዝኛ የተጻፈ ቀጭን መጽሐፍ ነበረበት። እሱ በሚኖርበት አገር ጎልማሶች ሳይቀሩ ቅዳሜና እሑድ በጠረጴዛ ዙሪያ ተሰብስበው ያለፈ ጦርነትን በእነዚህ ምስሎች እንደሚጫወቱት ነገረኝ። ሲሄድ ካርቶኑን ለልጆቹ ብሎ ተወው። እኔም ማስመሪያ መያዝ፣ ክፍልፋይ ማስላትና ዳይስ ሲጣል ምን ያህል ዕድል እንዳለ ማወቅ ለሂሳብ ትምህርት ይጠቅማል ብዬ የመጽሐፉን ደንብ ወደ አማርኛ መለስኩት። በዲፕሎማ እንግሊዝኛዬ ተማምኜ።

የመጀመሪያው ቀን ላይ ከእጅ ጽሑፌ አንዱን ደንብ ለልጆቹ አነበብኩላቸው፦ «በክረምት ወንዝ በእግር ይሻገሩታል። መድፍም ያልፋል።» ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አንዲት የአምስተኛ ክፍል ተማሪ እጇን አውጥታ፣ «እትዬ፣ ይሄን የጻፈው ሰውዬ ክረምት አይቶ ያውቃል?» አለችኝ። 

እውነቷን ነው። መዝገበ ቃላቱ የእነሱን ቀዝቃዛ ወቅት «ክረምት» ይለዋል፣ የእኛም ክረምት ክረምት ነው። የእነሱ ክረምት ግን ወንዙ ወደ በረዶ ተለውጦ እንደ አስፋልት የሚጠነክርበት ነው። የእኛ ክረምት ወንዙ ሞልቶ በሬ የሚወስድበት ነው። ለበረዶም ቢሆን ቃላችን አንድ ነው፤ ከሰማይ የሚወርደውን ጠጠርም፣ እነሱ ዘንድ እንደ ተነደፈ ጥጥ የሚወርደውንም፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚረጋውንም በረዶ እንላለን። በደጋው የሚገድለን ውርጭ ደግሞ የሚመጣው በክረምት ሳይሆን በበጋው፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። አንድ ቃል ብሳሳት ጨዋታው በሙሉ ተገለበጠ። ልጆቹን ካሳቀው ስህተት ተነስቼ፣ በእኛ አገር ጦርነት ክረምት ምን ይሠራ እንደነበር ማንበብ ጀመርኩ።

ስለ ጨዋታው ትንሽ ልበል። በጠረጴዛ ላይ ጦርነትን ማስመሰል የተጀመረው ለመዝናኛ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1812 ራይስቪትዝ የተባለ የፕሩሲያ ባለሥልጣን ለንጉሡ እንዲህ ያለ ጠረጴዛ አቀረበ፤ መኮንን የነበረው ልጁ ደግሞ አሻሽሎ እ.ኤ.አ. በ1824 የደንብ መጽሐፍ አሳተመ። ካርታ ተዘርግቶ ሁለት ወገን ይቀመጣል፣ መሐል ዳኛ አለ፣ አንድ ዙር እንደ ሁለት ደቂቃ ውጊያ ይቆጠራል፣ የተኩሱን ውጤት ዳይስ ይወስነዋል። የፕሩሲያ መኮንኖች ተማሩበት። በ1913 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኤች. ጂ. ዌልስ የተባለው እንግሊዛዊ ደራሲ በቤት ወለል ላይ በአሻንጉሊት ወታደር የሚካሄድ ጨዋታ ደንብ ጻፈ፤ ከዚያ ወዲህ ነገሩ የብዙ ሰው የትርፍ ጊዜ ሥራ ሆነ።

እኛም ብንሆን ለዚህ ባዕድ አይደለንም። መኳንንቱ ይጫወቱት የነበረው ሰንጠረዥ የጦርነት ጨዋታ ነው። ከፈረንጁ ቼዝ የሚለየው ደግሞ ደስ ይላል፤ ሲጀመር ተራ መጠበቅ የለም፣ የመጀመሪያው ምርኮ እስኪያዝ ሁለቱም እንደ ፍጥነታቸው ያንቀሳቅሳሉ፤ ይህም ወረራ ይባላል። ነገር ግን በሰንጠረዥ ገበታ ላይ ዝናብ አይዘንብም፣ ፈረሱም አይራብም።

የአክስቴ ልጅ ያመጣው ጨዋታ ናፖሊዮን እ.ኤ.አ. በ1812 ሩሲያን ወርሮ የተመለሰበት ነው። የበረዶው ደንብ በዚህ ዓይነት ነው የተሠራው። ነጩ ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ሲነጠፍ እግረኛ በአንድ ዙር የሚሄደው መንገድ በግማሽ ይቀነሳል፤ የመድፍ ጋሪ ደግሞ ከዚያም ባነሰ። በረዶ እየወረደ ከሆነ ዳይስ ተጥሎ ስንት ርቀት ድረስ ማየት እንደሚቻል ይወሰናል። የረጋ ወንዝ ላይ የወጣ ሁሉ ዳይስ ይጥላል፤ አንድ ከወጣበት በረዶው ይሰበራል። በእያንዳንዱ ሌሊት እሳት ያላገኘ ቡድን ሰው ይቀነስበታል። ምስሎቹን የሚያስጌጡት ሰዎች መሬቱን በረዶ ለማስመሰል ሙጫ ቀብተው ነጭ ዱቄት ይነሰንሱበታል፤ የረጋ ወንዝ እንዲመስል የሚያብለጨልጭ ቫርኒሽ ይቀባሉ። እጅ ሥራቸው ያስቀናል።

ናፖሊዮን ሲመለስ ቤሬዚና ወንዝ ላይ የደረሰበት ግን ደንቡን ያፈርሰዋል። ሠራዊቱ የረጋ ወንዝ ጠብቆ ሲደርስ ብርዱ ለጥቂት ቀን ላላ ብሎ ወንዙ ቀልጦ ተገኘ፤ ድልድይ ሠሪዎቹ በዚያ ቅዝቃዜ ውኃ ውስጥ ቆመው ሁለት ድልድይ መሥራት ነበረባቸው። ብርዱም ሲጠነክር ጠላት ነው፣ ሲላላም ጠላት ነው።

እንደ ሂሳብ ሠራተኛ የወደድኩት ግን ሌላ ነገር ነው። ሻርል ሚናር የተባለ ፈረንሳዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1869 ይህን ዘመቻ በአንድ ወረቀት ላይ ሣለው። መስመሩ የሠራዊቱ ብዛት ነው፤ ሰው ሲቀንስ መስመሩ ይቀጥናል። ሲገባ 422 ሺህ፣ ሞስኮ ሲደርስ 100 ሺህ፣ ሲመለስ 10 ሺህ። ከታች የሙቀቱ መጠን አብሮ ተጽፏል። ይህን ሳይ የወር መጨረሻ ሚዛን ያየሁ መሰለኝ። ከፍተኛው ቅናሽ የታየው በረዶው ከመምጣቱ በፊት፣ ወደ ሞስኮ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ከፊሉ ወደ ጎን ተልኮ እንደሆነ አውቃለሁ። የቀረውን የፈጀው ግን ረሃብ፣ በሽታና የፈረሶች ማለቅ ነው። በረዶው የደረሰው ስንቁ ባለቀበት፣ ፈረሱ በሞተበት ሠራዊት ላይ ነው። ወቀሳውን ግን እሱ ወሰደው።

በዚህ ዓይን የእኛን አገር ዘመቻዎች ሳያቸው ብዙ ነገር ይገባኛል። በድሮ ጊዜ ሠራዊት በክረምት አይዘምትም፤ ንጉሡም ከተማ ሠርቶ ይከርማል። ነጋሪት የሚመታው ዝናቡ ሲያባራ፣ ወንዙ ሲጎድል ነው። አፄ ምኒልክ የአድዋን የክተት አዋጅ ያወጁት በመስከረም 1888 ዓ.ም. ነው። የሸዋ ሰው በጥቅምት ወረ ኢሉ እንዲገናኝ ነበር ትእዛዙ፤ ወሎ መሆኑ ነው። (ለጠቡ ምክንያት የሆነው ውል የተፈረመውም ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. እዚሁ አምባሰል፣ ውጫሌ ላይ እንደሆነ ለደጋፊዎቻችን ላስታውስ።) ጣሊያንም በሁለተኛው ወረራ መረብን የተሻገረው ክረምቱ እንደወጣ፣ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። አዲስ አበባ የገባው ደግሞ ሚያዝያ 27 ቀን፣ ዋናው ዝናብ ሳይገባ። ዝናቡ ሲገባ ግን ነገሩ ተለወጠ። መኪና በጭቃ ተያዘ፣ ከባቡር ሐዲዱ በስተቀር መንገዱ ተዘጋ፣ ከተማዋን የያዘው ጦር ራሱ እንደ ተከበበ ሰው ሆነ። አርበኞች ሐምሌ 21 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ አደጋ የጣሉት በዚያ ክረምት ነው። ከተማዋን ማስለቀቅ አልቻሉም፤ ከተለያየ አቅጣጫ የተነሱት ቡድኖች በአንድ ሰዓት መድረስ አልተቻላቸውም ነበር። ክረምት የባለአገር ወዳጅ ነው ቢባልም ለባለአገሩም ወንዝ አያጎድልለትም።

ልጆቹ መጀመሪያ ግሸንን ራሷን በጠረጴዛ ላይ እንሥራት ብለው ነበር። የንጉሥ ልጆች ይጠበቁባት የነበረች አምባ መሆኗን ከትምህርት ቤት ሰምተዋል። እኔ ግን ደብሩን መጫወቻ ማድረግ ደስ አላለኝም። ከእኛ ብዙም የማይርቀውን፣ ከበሽሎ ማዶ ያለውን መቅደላን መረጥን።

የመቅደላ ዘመቻ በመሠረቱ ሁለት ጉዞ ነው። አፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው መስከረም 30 ቀን 1860 ዓ.ም. ተነሱ። ክረምቱ እንዳለቀ መሆኑን ልብ በሉ። ጋፋት ላይ ያሠሯቸውን መድፎች፣ ከሁሉም በላይ ሴባስቶፖል የተባለውን ወደ ሰባ ኩንታል የሚመዝን መድፍ ይዘዋል። መንገድ የለም። መንገዱን እየሠሩ፣ ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ እያነሱ፣ የጅዳንና የበሽሎን ገደል መድፍ እያወረዱና እያወጡ፣ ቀላል መንገደኛ በቀናት የሚጨርሰውን መንገድ ወራት ፈጅተው መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ሠራዊታቸው እየሳሳ ሄደ። አገሩ ተዘርፎ አልቋል፣ ስንቅ የለም። ገበሬውም ሸፍቷል ወይም ሸሽቷል።

ሌላው ጉዞ የእንግሊዞች ነው። ጄኔራል ናፒየር ከዙላ ወደብ ተነስቶ ወደ 640 ኪሎ ሜትር መጓዝ ነበረበት። ወደ 13 ሺህ ወታደር፣ ከ40 ሺህ በላይ እንስሳት፣ መድፍ የሚሸከሙ 44 ዝሆኖች ከሕንድ መጥተዋል። ወደ 18 ኪሎ ሜትር የባቡር ሐዲድ ዘርግተዋል፤ የባሕር ውኃ አጣርተው የሚያጠጡበት መሣሪያ በመርከብ ላይ አቁመዋል። እንዲያም ሆኖ በመጀመሪያዎቹ ወራት ዙላ ላይ በጥማትና በበሽታ በሺህ የሚቆጠር በቅሎ አለቀባቸው። ናፒየርን ከሁሉ ይበልጥ ያሳሰበው ክረምቱ ነበር። ከባሕሩ ወደ ደጋው የሚያወጣው መንገድ በደረቅ የጎርፍ መውረጃ ውስጥ የሚያልፍ ነው፤ ዝናብ ከገባ በኋላ እዚያ የተገኘ ሠራዊት በጎርፍ ይወሰዳል ወይም ከስንቁ ተቆርጦ ይቀራል። ስለዚህ ከመቅደላ ደርሶ፣ እስረኞቹን አስፈትቶ፣ ሰኔ ሳይገባ ባሕር መድረስ ነበረበት። በእኔ ግምት የዚያ ዘመቻ እውነተኛ ሰዓት ቆጣሪ ይህ ነው።

እህልና ገለባ ደግሞ በጥሬ ብር ገዙ። ለዚሁ ሲባል በቪየና የተቀረጸ የማርትሬዛ ብር አመጡ፤ ገበሬው እህሉን፣ ሣሩን፣ ማገዶውን እያመጣ ሸጠላቸው። የእንግሊዝ ምክር ቤት መጀመሪያ የፈቀደው 2 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር፤ ሲያልቅ ወጪው ከ8 ሚሊዮን አለፈ። እንዲህ ያለ ሂሳብ ለማኅበራችን ኦዲተር ባቀርብ ምን እንደምባል አስቡት። ነገር ግን ወጪው ናፒየርን ክረምቱን አስቀደመው። አፄ ቴዎድሮስ የሚገዙበት ገንዘብ አልነበራቸውም፤ የሚሸጥላቸውም ሰው አልነበረም።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ ዓርብ ስቅለት፣ እሮጌ ላይ ተጋጠሙ። ከሰዓት በኋላ ነው፤ ነጎድጓድና ከባድ ዝናብ ወረደ። ፊታውራሪ ገብርዬ ሠራዊቱን ይዘው ከላይ ወደ ታች ወረዱ። እንግሊዞች ከኋላ የሚጎርስ አዲስ ጠመንጃ ይዘዋል። ከእኛ ወገን ወደ 700 የሚገመት ሰው ወደቀ፤ ፊታውራሪ ገብርዬም እዚያው ወደቁ። ከእንግሊዞች የቆሰለው 20 ሰው ነው፤ ከእነዚህ ሁለቱ ሞቱ። ሰኞ ሚያዝያ 6 ቀን መቅደላ ተያዘች፣ ንጉሡም ራሳቸውን ገደሉ። የቀረውን ታውቁታላችሁ።

እዚህ ላይ የመጽሐፉ ደንብ አልሠራልንም። በመጽሐፉ አሠራር ዓመቱ ለሁለት ይከፈላል፤ ወይ በረዶ ወይ በረዶ ያልሆነ። በእኛም ቢሆን ስለ ኢትዮጵያ የሚጽፍ እንግዳ ክረምትና በጋ ብሎ ይጨርሳል። በሚያዝያ ታዲያ ያ ዝናብ ከየት መጣ? ልጆቹ ናቸው የመለሱት፦ በልግ ነዋ! የወሎ ልጅ በልግ አይጠፋውም። ስለዚህ ለየወሩ የተለያየ ቁጥር ሰጠን። ከጥቅምት እስከ ጥር ዝናብ የሚዘንበው ዳይሱ ላይ ስድስት ሲወጣ ብቻ ነው፤ በመጋቢት አምስትም ይበቃል፤ በሚያዝያ አራት፤ ሰኔ ሲገባ ሦስት፤ ሐምሌ ላይ አንድ ካልወጣ በስተቀር ይዘንባል። አንድ ዙር አንድ ሳምንት ነው። ይህን ሲሠሩ ስለ ዕድል ስሌት ያስተማርኳቸው ከሁለት ሳምንት የጥቁር ሰሌዳ ትምህርት ይበልጣል።

መልክዓ ምድሩን በካርቶንና በጭቃ ሠራነው። ወታደሩ ባቄላ፣ በቅሎው ሽምብራ፣ ስንቁ ምስር ሆነ፤ የፈረንሳይ ካፖርት የለበሱትን ምስሎች ለአዛዥነት ብቻ ተጠቀምንባቸው። ዝናብ ሲወጣ ገደል መውረድና መውጣት በግማሽ ይቀንሳል፤ መድፍ ግን ጨርሶ አይንቀሳቀስም። ወንዝ ላይ ሁለት ሳምንት ተከታትሎ ከዘነበ ወንዙ ሞልቷል፣ መጠበቅ ነው።

በመጀመሪያው ጨዋታ ደንቡ ይህ ብቻ ነበር። የቴዎድሮስ ወገን የሆኑት ልጆች በሦስተኛው ዙር ሴባስቶፖልን ደብረ ታቦር ጥለው በሩጫ መቅደላ ደረሱ፤ በአንድ ሰዓት ጨዋታው አለቀ። ዝናቡ ለእነሱ እግር የሚይዝ ጭቃ ብቻ ሆነ። አንድ ነገር እንደጎደለ ታወቀኝ፤ ምን እንደሆነ ግን ያየሁት ቤት ገብቼ ለራት ማገዶ ሳነድ ነው። ማገዶው እርጥብ ነበር።

እህቶቼ፣ ዝናብ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጎዳው ምን እንደሆነ ከእኛ በላይ ማን ያውቃል? ማገዶ አይነድም። ዱቄት ይረጋል፣ ይሻግታል። ድርቆሽ ይርሳል። ቆሎ ይለሰልሳል። የራሰ አቁማዳ ክብደቱ ይጨምራል፤ የራሰ ጭነት የአጋሰሱን ጀርባ ይልጣል፣ ገጣባ ይሆናል፤ የተገጠበ በቅሎ ደግሞ አይጫንም፤ ያልተጫነው ስንቅ ይጣላል። በድሮው ሠራዊት የመንግሥት ስንቅ አቅራቢ ክፍል አልነበረም። ወታደሩ ስንቁን ይዞ የሚመጣው ከቤቱ ነው፤ የሚፈጨው፣ የሚጋገረው፣ ውኃው የሚቀዳው በሴቶች ነው። እቴጌ ጣይቱ በመቀሌ ምሽግ ጊዜ ውኃውን ማስያዛቸው የሚነገረው በትክክል ነው፤ ከእሳቸው ጋር ድስትና ወፍጮ ይዘው የተጓዙት የብዙ ሺህ ሴቶች ስም ግን በየትኛውም ሰነድ አልሰፈረም። አድዋ ላይ ሁለቱም ወገን በየካቲት መጨረሻ ስንቁ እያለቀበት ነበር። የጣሊያኑ አዛዥ ወደ ውጊያ የገባበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ምኒልክም ለዚያ ሁሉ ሰው የሚበላ ስላጡ ከቦታው ሊነሱ ቀናት ነበር የቀሯቸው።

እንግዲህ በሁለተኛው ጨዋታ አዲስ ደንብ ጻፍን። ዝናብ በወጣ ቁጥር ከአሥር ምስር አንዱ ይበላሻል፤ ከአሥር ሽምብራ አንዱ ይገጠባል። ባለቤት አልባ ስንቅ ደግሞ በእጥፍ ይበላሻል፤ ማለትም የሚጠብቀው፣ የሚያደርቀውና የሚጋግረው ሰው ከሌለ። ያቺ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ስንቅ ያዥ ሆና ተመረጠች። ካርቶኑን ገልብጣ ፈለገችና፣ «እትዬ፣ እዚህ ውስጥ ሴት የለችም፤ በቅሎም የለም» አለች። እውነት ነው፤ ስልሳ የሚሆኑ ምስሎች ሁሉም ተኳሽ ናቸው። ከሲጋራ ካርቶን ሴቶች ቆርጣ ሠራች፣ በጀርባቸው ማድጋ ሣለችላቸው። ከዚያ ከእኔ የተማረችውን የገቢና ወጪ መዝገብ አወጣች፤ በየሳምንቱ የገባ ምስር፣ የተበላ፣ የተበላሸ፣ ቀሪ።

የዚህኛው ጨዋታ ውጤት ሌላ ሆነ። የእንግሊዝ ወገን በየካቲት ቸኩሎ ስላልገዛ በሚያዝያ ምስሩ አለቀና መቅደላ ሳይደርስ ተመለሰ። የቴዎድሮስ ወገን ደግሞ መድፉን ይዞ፣ ስንቁን ጨርሶ ጅዳ ገደል ውስጥ በአራተኛው ወር ተበተነ። ሁለቱም ተሸነፉ! ወንዶቹ ልጆች ጨዋታው ተበላሸ ብለው ተቆጡ። እሷ መዝገቧን አሳየቻቸው፤ ሚዛኑ ትክክል ነበር፣ እኔም አረጋገጥኩ።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ደስ ያላቸው ሰዎች ብቻ ስለነበሩ አይደለም። በሦስተኛው ሳምንት ከማኅበራችን መሥራቾች አንዷ የሆኑ እናት ልጅ ልጃቸውን ሊወስዱ መጥተው ጠረጴዛውን አዩ። ባቄላዎቹ ወድቀው ነበር። ምን እንደሆነ ጠየቁ፤ አስረዳሁ። ዝም ብለው ቆዩና፣ «ልጄ፣ ጦርነት ይጫወቱታል እንዴ? እኛ ያየነው ይበቃን የለም?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደቡብ ወሎ ሲደርስ እነዚህ ልጆች ገና ሕፃናት ነበሩ፤ አንዳንዶቹ በእናታቸው ጀርባ ሆነው ሸሽተዋል። ከመካከላችን ንብረቷን ብቻ ያጣችም፣ ሰውም ያጣች አለች። በቀጣዩ የኮሚቴ ስብሰባ ጉዳዩ አጀንዳ ሆኖ ቀረበ። ግማሹ ይቁም አለ። ሌላው ልጆቹ በመንገድ ላይ በዱላና በድንጋይ ጦርነት ሲጫወቱ ማን ከለከላቸው፣ ይህኛው ቢያንስ ያስተምራል አለ። እኔ የተናገርኩት ስለ መዝገቡ ነው፤ በዱላው ጨዋታ የተራበ ሰው የለም፣ የሞተውም ወዲያው ይነሳል፤ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ግን ሁሉም ነገር ቀሪ ሂሳብ አለው። እማማ አሁንም አልተስማሙም። አንድ ነገር ግን ጠየቁ፦ የወደቁትን ባቄላዎች እንዳንበላቸው፣ ወደ ማሰሮም እንዳይመለሱ። እንደ ሞኝነት ያየው አልነበረም። የወደቀው ባቄላ አሁን በተለየ ከረጢት ይቀመጣል፤ ዘንድሮ ለዘር ይሰጣል ተብሎ በቃለ ጉባኤ ተይዟል።

እኔን እስከ ዛሬ የሚያስቸግረኝ ሌላ ጉዳይ ነው። ናፒየር ሚያዝያ 11 ቀን ከመቅደላ ሲነሳ የንጉሡ ባለቤት እቴጌ ጥሩወርቅና የሰባት ዓመቱ ልጅ ዓለማየሁ አብረው ተጓዙ። እቴጌይቱ ታመው ነበር። በግንቦት፣ ባሕሩ ሳይደርስ፣ ትግራይ ውስጥ አረፉና ጨለቆት ተቀበሩ። ናፒየር ክረምቱን አምልጦ በሰኔ መጀመሪያ መርከብ ላይ ወጣ፤ ልጁም ብቻውን አብሮ ሄደ። ይህን ጉዞ በጠረጴዛ ላይ የምናሳይበት ደንብ አላገኘሁም። ስንቅ ያዧ አንዲት የካርቶን ሴት ለብቻዋ ሠርታ ከሠራዊቱ ኋላ አቆመቻት። ዳይስ አይጣልባትም።

ካርቶኑ በማኅበራችን ዕቃ ቤት ውስጥ ነው፤ በንብረት መዝገብም ገብቷል። የመጪው ክረምት ፕሮግራም ከሐምሌ መጀመሪያ እንዲቀጥል ኮሚቴው በአንድ ድምፅ ብልጫ ወስኗል። ጠረጴዛው አነስተኛ ስለሆነ ሁለት ሜትር የሚሆን ጣውላ ያላችሁ አባላት ብታውሱን ደስ ይለናል። ልጆቹ አሁን 44ቱን ዝሆኖች በጭቃ እየሠሩ ነው፤ እስካሁን 17 ደርቀዋል። ያልተስማሙበት ነገር ዝሆን የሞላውን በሽሎን ይሻገራል ወይስ አይሻገርም የሚለው ነው። ወንዶቹ ይሻገራል ይላሉ። ስንቅ ያዧ ግን ዝሆኑ ቢሻገርም በላዩ ያለው ዱቄት ይርሳል ብላ ከአሥር ምስር ሁለቱን ልትቀንስ ተዘጋጅታለች።